ከመኪናው ስር ነው

ጥቅምት 3

ለእህቴ ለሚጣ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ? እኔ ደህና ነኝ። ሰላምታው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ቆሽቴ አርሮ ነው ያለሁት።

ለመሆኑ የመኪናዬን፣ የግስላን ጭስ ማውጫ ቁረጪ ያለሽ ማነው? “ትንሽ አሻሻልኳት” ብለሽ በአንድ መስመር ትነግሪኝና ወዲያው ስለ እማዬ ጉልበት ትቀጥያለሽ። እኔ እዚህ ተራራ ስር ጎማቸው ከቁመቴ የሚበልጥ የድንጋይ መኪኖች ስጠግን የምውለው፣ እዚያ የምመለስላት አንዲት መኪና አለችኝ ብዬ ነው። አባባና እኔ ከብረት ክምር ውስጥ አንስተን በእግሯ ያቆምናት። ባለ ሁለት በር፣ ባለ ስምንት ፒስተን፣ አፍንጫዋ ከጋራዡ በር ወጥቶ አልቆ ወገቧ ገና ውስጥ የሚቀር መኪና። ያንን ማርሚታ፣ የጭሱን ድምፅ ማፈኛ፣ አባባ ላሜራውን በጉልበቱ ላይ አጠፈው፣ እኔ በየድኩት። በሕይወቴ የመጀመሪያው ብየዳዬ ነው። ጠማማ መሆኑን አውቃለሁ። አባባ በጥፍሩ ፈተገው፣ አገላብጦ አየውና “ይይዛል” አለኝ። ከእሱ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ወጥቶ እንደማያውቅ አንቺም ታውቂያለሽ።

አሁን ግን ጎረምሶች እንደሚያስጓሯቸው መኪኖች ሁለት ቱቦ ቀጠልሽላት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። የግስላ ክብሯ እኮ ዝምታዋ ነበር። ያን ሁሉ ጉልበት ተሸክማ ደጅ ላይ ስትቆም የተኛ ሰው አትቀሰቅስም ነበር።

አባባ ይህን እያየ ዝም አለሽ ወይ ብዬ ልጠይቀው እሁድ ደወልኩ። እማዬ አነሳችና “ከመኪናው ስር ነው” አለችኝ። ከዚያ በፊት ስደውልም ከመኪናው ስር ነበር። ቤቱን ለቅቄ ከወጣሁ ጀምሮ፣ እኔ በደወልኩ ቁጥር ይህ ሰውዬ ከመኪና ስር ነው። በዚህ ዕድሜው እሁድ እሁድ እዚያ ምን ይሠራል? ጥለኸኝ ሄድክ ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ እንዳለኝ ይገባኛል። ቢያንስ ውሸቱን እየቀያየራችሁ ንገሩኝ።

በስልክ ስለምንጯጯህ ጻፉ ያለችን እማዬ ናት፤ እነሆ ጻፍኩ። የድሮውን ማርሚታ መልሰሽ ግጠሚ። ጥለሽው ከሆነ ግን አትንገሪኝ።

ታላቅ ወንድምሽ


ጥቅምት 14

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። “እማዬስ?” ብለህ መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ቁጣህ ሮጥክ እንጂ፣ ጉልበቷ ሻል ብሏታል። ደብዳቤህን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ስድቡን እየዘለልኩ ስለነበር ቶሎ አለቀ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ቱቦው ከተቆረጠ በኋላ መጮህህ ምን ይጠቅማል? ማርሚታህን አልጣልኩትም። ዝገቱን ፍቄ፣ ከመፍቻዎቹ ሰሌዳ በላይ ግድግዳው ላይ በሽቦ ሰቅዬዋለሁ። ብየዳህ ከበሩ ላይ ሆኖ ይታያል። ደንበኛ ማን ሠራው ብሎ ሲጠይቀኝ ታላቅ ወንድሜ ነው እላለሁ፤ ያን ጊዜ ሥራውን ደስ ብሎት ለእኔ ይሰጠኛል።

ስለ አሠራሩ ባትጠይቀኝም ልንገርህ፤ ስምንቱም ፒስተን ጭሱን በአንድ ጠባብ ቱቦ ነበር የሚተፋው። በገለባ እየተነፈሰች የኖረች መኪና ነበረች። አሁን አራቱ በቀኝ፣ አራቱ በግራ ይወጣል። ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ኋላ ሁለቱን መስመሮች በአጭር ቱቦ አገናኘኋቸው፤ አንዱ ወገን ሲጨናነቅ ሌላው እንዲያግዘው። በመጋጠሚያዎቹ መሀል የሚገቡትን ጓርኒሲዮኖች በሙሉ ቀይሬያለሁ፤ በአሮጌ ጓርኒሲዮን ላይ ብሎን የሚያጠብቅ መካኒክ ከዚህ ቤት አልወጣም። የቱቦ ማጠፊያ መሣሪያ እንደሌለን ታውቃለህ። ስለዚህ ደረቅ አሸዋ ሞልቼ፣ ጫፍና ጫፉን ደፍኜ፣ በእሳት አግዬ ነው ያጠፍኩት። አሸዋው በደንብ ካልተጠቀጠቀ ቱቦው እጥፋቱ ላይ ይጨፈለቃል። የመጀመሪያው ተጨፈለቀብኝ። ሁለተኛውም ተጨፈለቀብኝ፤ አንተ የምታውቀውንም የማታውቀውንም ስድብ ተሳደብኩ። ሦስተኛው እሺ አለ።

አባባ እያየ ዝም አላለም። አሸዋውን በመዶሻ እየነካካ ያጠቀጠቀልኝ እሱ ነው። አንተ የቀበሮ ጉድጓድ ውስጥ ያሴርን ይመስል አብሮኝ መሆን አለመሆኑን ትመረምራለህ። አዎ፣ አብሮኝ ነው። እኔም አብሬው ነኝ። አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው የምንሠራው።

ለምን እንድትጮህ አደረግሻት ላልከው መልስ አለኝ፤ አንተ ግን አታገኘውም። ሆድ ይፍጀው። አጥር የምንጋራቸው ጡረተኛው ዳኛም ይህንኑ በየማለዳው ይጠይቁኛል፤ እሳቸውም መልስ አላገኙም።

አባባ ለምን ስልክ አያነሳም ላልከው፣ ከመኪናው ስር ነው። ማመን ያንተ ፈንታ ነው። ግን ለእኔ ይህን ያህል የምትሰድብበት ወረቀት ከተረፈህ፣ ለእሱም ግማሽ ገጽ ጻፍለት። ዓይኑ ደህና ነው።

እህትህ፣ ከነዘይቷ


ኅዳር 2

ሚጣ፣

ሁለተኛዋ አጭር ደብዳቤሽም ደርሳኛለች። ለዓመት ፈቃድህ ትመጣለህ ወይ ላልሽኝ፣ አልመጣም።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ዳኛው በካምፑ ስልክ ደወሉልኝ። ከሥራ ተጠርቼ፣ ሰው ሞተ ብዬ ወደ ምግብ አዳራሹ ነው የሮጥኩት። ለካ ክስ ሊያሰሙኝ ነው። “አባትህን በደጄ ሲያልፍ ደህና አደርክ ወይ ብለው ዞሮ እንኳ አላየኝም” አሉኝ። “ልጆቻችን አብረው ያደጉ፣ ስንት ዘመን አጥር የተጋራን ሰዎች ነን። ምን በደልኩት? ከዚያ ደግሞ ያቺን መኪና አስነስቶ የመስኮቴን መስተዋት ያርገፈግፈዋል። ገብቶባት ይቀመጣል እንጂ የትም አይሄድባትም።”

አፈርኩ። እኔን ብቻ የተቀየመ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዓለሙን ሁሉ ነው። በእልህ ሰላምታ የሚነፍግ፣ ጎረቤት ለማናደድ መኪና የሚያስጮህ ሽማግሌ ሆኗል። አንቺ ደግሞ እልሁን ልታግዢው ቱቦ ታሰፊለታለሽ።

ቱቦውም ቢሆን ከልክ በላይ ሰፍቷል። ጭሱ ሲፈጥን ነው እንጂ ሲዝናና ጉልበት አይሰጥም፤ ከቆመችበት ስትነሳ ትለግምብሻለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ለእሱ ጻፍለት ትያለሽ። አፉን ለዘጋብኝ ሰው እጄን አልዘረጋም። የወጣሁ ዕለት “ከዚህ በር ከወጣህ የእኔ እጅ በአንተ ላይ ባክኗል” ያለኝን አልረሳሁትም። እኔም የመለስኩለትን አልረሳሁትም።

ድርጅቱ ከዚህም የራቀ ሌላ ተራራ ላይ የድንጋይ ማውጫ ሊከፍት ነው። ለሦስት ዓመት ፈርም ብለውኛል። ወረቀቱ የሚመለሰው እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው፤ እፈርማለሁ። ግስላንም አልወስዳትም በይው። ከእንግዲህ ቢያስጮሃትም ቢያርስባትም የእኔ አይደለችም።

ወንድምሽ


ኅዳር 9

ዛሬ ሰላምታ የለም።

አባባ አይሰማም። አልሰማም ብሎ አይደለም። መስማት አይችልም።

ይኸው፣ ጻፍኩት። እንዳልናገር ምዬ ነበር፤ መሐላዬን ያፈረስከው አንተ ነህ፣ እርግማኑም ከመጣ ላንተ ይድረስ።

የግራ ጆሮው አንተ እያለህም ደከም ያለ ነበር። ስንጠራው ቀስ ብሎ ሲዞር ተኮፈሰ እያልን እንስቅ አልነበር? ቀኙ ባለፈው ክረምት ተከተለው። ሐኪሟ ዕድሜ ልኩን መዶሻና ሞተር የመታው ጆሮ ነው፤ ማዳመጫ ቢያደርግም እምብዛም አይረዳውም አለችን። አባባ የተናገረችውን ከከንፈሯ ላይ ለማንበብ ሲሞክር አይቼ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

እኔ ያወቅኩት ከሐኪሟ በፊት ነው። አንድ ጠዋት ግስላን አስነሳት፣ ወረደ፣ ጨርቅ ይዞ ተመልሶ ገባና ቁልፉን ደግሞ አዞረው። ሞተሯ እየሠራች። ማስነሻው፣ ሞተሪኖው፣ ሲፋጭ የሚያወጣውን ድምፅ ታውቀዋለህ፤ ጥርስ ያሳክካል። ያንን ያደረገ ተለማማጅ ዕለቱን ከጋራዡ ይባረር ነበር፤ አንተንም አንድ ጊዜ አባሮሃል። እሱ ግን ምንም አልመሰለውም። አልተነሳችም ብሎ ለሦስተኛ ጊዜ ሊያዞር ሲል እጁን ያዝኩት። ፊቴን አየ። ከዚያ መዳፉን በሞተሩ ክዳን፣ በኮፋኖው ላይ አሳረፈና እየሠራች መሆኗን በእጁ አወቀ። የዚያን ዕለት ሌላ መኪና አልነካም።

መኪና ገና ከመንገዱ ሳይታጠፍ “ሦስተኛው ፒስተን ነው” የሚል ሰው ነበር። በጆሮው የኖረ፣ በጆሮው ያሳደገን ሰው ነው። ደንበኛ እንዳይሸሽ ለማንም እንዳንናገር አስማለን። ላንተ ደግሞ በተለይ። “አዝኖልኝ እንዲመጣ አልፈልግም፤ ከመጣ ወዶ ይምጣ” አለ። እማዬ ውሸት አታውቅም። ስለዚህ አንተ ስትደውል ስልኩን ከማንሳቷ በፊት በእጇ ታመላክተዋለች፤ እሱም እሁድ በታጠበ ሸሚዙ እውነት መኪናው ስር ይገባል። እኔ ሸሚዙን አጥባለሁ። ውሸታችን ይህ ነው፤ ቀያይሩት ያልከው።

ማርሚታህን የቆረጥኩትም ለዚህ ነው። ሁለታችሁ አሳምራችሁ ስለሠራችሁት፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንኳ እየሠራች ይሁን አይሁን አያውቅም ነበር። ቱቦዎቹን በወንበሩ ሥር አጠጋግቼ አሳለፍኳቸው። መጀመሪያ ቀን ሳስነሳት ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ንዝረቱ ከወለሉ በእግሩ፣ ከወንበሩ በጀርባው ገባለት። “መጣች” አለ። ቆይቶ ደግሞ “ሰባተኛው ይዘላል” አለኝ። ኮፋኖውን ከፍቼ አየሁ። ለሰባተኛው ፒስተን እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ሽቦ ላልቶ ነበር።

ስለዚህ ዳኛው ይጩኹ። አንተም ጩኽ። ከቆመችበት ስትነሳ ትለግማለች ላልከው፣ የትም አትሄድም፤ ዳኛው ነግረውህ የለ? ለመሄድ አይደለም የሠራኋት።

አሁን ከፈለግህ ፈርም። እኔ በሁለት እልኸኞች መሀል ስመላለስ የጫማዬ ሶል አልቋል።

እህትህ


ኅዳር 17

ሚጣ፣

ቀጥላ የመጣችው አጭሯ ደብዳቤሽም ደርሳኛለች። አላለቀስኩም፤ ስለጠየቅሽኝ ነው። ተናደድኩ። የካምፑን አጥር ዞርኩት፣ ደግሜ ዞርኩት፣ ጠባቂው ምን ጠፋብህ ብሎ መብራት አበራብኝ።

ለመሆኑ እኔ የማዝንበትንና የማላዝንበትን የምትመድቡልኝ እናንተ ማን ናችሁ? ሽማግሌውን ከነንጹህ ሸሚዙ መኪና ስር ስታስገቡት፣ እኔ እዚህ ስረግመው ከረምኩ። እርግማኔን ማን ይመልስልኛል? አንቺስ በየደብዳቤሽ ስለ ጓርኒሲዮን ስትተርኪልኝ እጅሽ አልከበደሽም? ለእናንተ እንግዳ ሰው ነኝ ማለት ነው።

ወረቀቱን ቀደድከው ወይ ላልሽኝ፣ አልቀደድኩትም። ፍራሼ ስር ነው።

ስትሞቅ ከቀኝ በኩል ቲክ ቲክ ትላለች ላልሽው፣ ብሎኖቹ ናቸው። አዲስ ጓርኒሲዮን በሙቀት ይቀመጣል። አስነስተሽ አሙቂያት፣ ፈጽማ እስክትቀዘቅዝ ጠብቂ፣ ከዚያ ከመሀል ወደ ዳር እያልሽ ደግመሽ አጥብቂ። አባባ ሳይሞቅ የጠበቀ አልጠበቀም ሲለን የት ነበርሽ?

እሁድ ረፋዱ ላይ እደውላለሁ። እማዬ ሳትቀድምሽ አንቺ አንሺው። ስልኩን ከግስላ ኋላ፣ ከቱቦዎቹ ጀርባ መሬት ላይ አስቀምጪና አስነስተሽ ነዳጁን ርገጪ። ያደረግሽባትን በጆሮዬ ልስማው። እሱ እንዳያውቅ።

ወንድምሽ


ኅዳር 22

ለወንድሜ፣

ምን አለህ?

ይህን ብቻ ጽፌ ልልክልህ ነበር፤ እማዬ ሰላምታ ሳይኖረው አይሄድም አለችኝ። እሺ፣ ሰላም ነህ? እሁድ አባባ በስልኩ ምን አለህ?

እንዳልከኝ አደረግኩ። ስልኩን መሬት ላይ አስቀመጥኩ፣ ገባሁ፣ ረገጥኩ። አባባ ጓዳ ሆኖ ጢሙን ይላጭ ነበር። ለካ ወለሉ ነገረው። ማን አስነሳት ብሎ ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ወጣ። በመኪናዋ መስተዋት አየሁት። ዞሮ ከኋላ ቆመ፣ ጎንበስ አለና ስልኩን አነሳው። እማዬ የካምፕህን ቁጥር “ልጄ” ብላ ነው ያስቀመጠችው፤ እሱን አነበበ መሰለኝ።

ዘልዬ ልወርድ ነበር። ግን እግሬን ከነዳጁ ላይ ማንሳት ፈራሁ። እሷ ዝም ካለች እሱም ዝም የሚል መሰለኝ። አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ተቆጥቷል፤ ጣቱን እየሰበቀ፣ ሳሙናው አንገቱ ላይ እየወረደ ብዙ ተናገረ። አንድም ቃል አልሰማሁም። እኔም ለአንድ ጊዜ እንደ እሱ ሆንኩ፤ ከንፈር እያዩ መገመት ምን ያህል እንደሚያናድድ ላስረዳህ አልችልም።

ከዚያ ስልኩን ከጆሮው አንስቶ ፊት ለፊቱ ያዘውና አየው። አንድ አጭር ነገር ተናገረ። ጠበቀ። ደግሞ ተናገረ፤ ደግሞ ጠበቀ። መጨረሻ ላይ ለእማዬ ሰጣትና ፊቱን ሊጨርስ ገባ።

ምን አልከው ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። “የአባትና የልጅ ነው” ብሎ በወረቀቱ ዘይት ጠረገበት። ዳኛው አጥሩ ላይ ነበሩ፤ አባባ ድምፁን መመጠን ስለማይችል ሁሉንም ሰምተዋል። እሳቸውንም ጠየቅኳቸው። አጥሩን ለቅቀው ገቡ። ከዚያ ወዲህ በጠዋት አልከሰሱንም፤ አባባ ሲያልፍ ባርኔጣቸውን ያነሳሉ።

መንደሩ በሙሉ የሰማውን እኔ ብቻ አልሰማሁም። ያቺን መኪና የሠራኋት እኔ ነኝ። ንገረኝ።

እህትህ


ኅዳር 29

ለእህቴ ለሚጣ፣

እንደምን አለሽ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷስ? ዛሬ መልሱን እጠብቃለሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት ግስላን ነው። ስልኩን ከጆሮዬ ማራቅ ነበረብኝ። ብሎኖቹን ደግመሽ እንዳጠበቅሽ ታውቋል፤ ቲክ የሚል የለም። ሥራሽ ይይዛል።

ከዚያ የእሱ ድምፅ መጣ። ራሱን ስለማይሰማ ከመኪናዋ በላይ ነበር የሚጮኸው። “አንተ የማትረባ፣ የአሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ቁልፌን የት አደረስከው?” ብሎ ጀመረ። እኔ ከሄድኩ ጀምሮ ሲፈልገው ኖሯል። እህትህ ምላሷን መያዝ እንዳቃታት ገብቶኛል አለ። አንተ ያላወቅከውን ቱቦ ታጥፋለች አለ። እናትህ ስልክ በጮኸ ቁጥር መኪና ስር እየወተፈችኝ ወገቤን ጨረሰችው አለ። “የሄድክ ዕለት ያልኩህን ብያለሁ፤ የተናገርኩትን አልውጠውም። በሩን ግን አልቆለፍኩትም። ቆለፍኩት ወይ?” አለኝ።

እንደ ልማዴ ጣልቃ ገብቼ ልመልስ አፌን ከፈትኩ። ስናገር አያቆምም። ጮክ ብዬም አያቆምም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ በዕድሜዬ አባባን ሳላቋርጠው እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም። ዝም ብዬ ሰማሁት። ከኋላዬ ስልኩን የሚጠብቁ ሰዎች ተሰልፈው ነበር፤ አንድም ቶሎ በል ያለኝ የለም።

ስድቡን ሲጨርስ “አለህ?” አለኝ።

“አለሁ” አልኩት።

“አለህ ወይ?” አለ ደግሞ።

ጮህኩ። አዳራሹ በሙሉ ማንኪያውን አስቀምጦ ዞሮ አየኝ። “አለሁ አባባ፣ አለሁ” እያልኩ ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ ልነቅለው ደርሼ ነበር። እሱ ግን ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ የእማዬን ትንፋሽ ሰማሁና መስመሩ ተቋረጠ። አንቺ በመስተዋት ያየሽው ይህንን ነው።

አሁንም ተናድጃለሁ። በአንቺም፣ በእማዬም፣ በእሱም፤ ስመጣም ተናድጄ ነው የምመጣው፣ ተዘጋጁ። ወረቀቱን ሳልፈርም መልሼላቸዋለሁ። ያ ማርሚታ ግድግዳው ላይ ይቆይ።

ከዚህ ጋር ሌላ የታጠፈ ወረቀት አለ። የእሱ ነው። አታንብቢው ብልሽም ታነቢዋለሽ፤ ብቻ በእጁ ስጪው። ከመኪናው ስር ከሆነ እስኪወጣ ጠብቂው።

ወንድምሽ


አባባ፣

የአሥራ ሦስት ቁልፍህ እኔ ጋ ነው። ሳላውቅ በኪሴ ይዤው ወጥቼ ነበር፤ ካወቅኩም በኋላ አልመለስኩትም። ይዤው እመጣለሁ።

እሁድ ለጠየቅከኝ፣

አለሁ።